ኡራሉን ወረሱት፤ ሾፌሩን ወረወሩት!

“ጋን በጠጠር ይደገፋል” ይላል ያገሬ ሰው። እውነቱን ነው። ነገር ግን ጋኑ ሞልቶ ጠላው ሲቀዳ ዝቅ ብሎ ጠጠሩን “እግዜር ይስጥልኝ” ያለ ጠጪ እስከ ዛሬ አላየሁም። ዛሬ ስለዚያ ጠጠር ልጽፍ ነው።

ውድ አንባቢያን፣ “ጦርነት ሰልችቶናል፣ ደግሞ ስለ ወታደር ልትነግረን ነው?” ብላችሁ ገጹን ከመግለጣችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ስለ ጦር ሜዳ በሰማችሁትና ባነበባችሁት ሁሉ ውስጥ የአንድ የጦር መኪና ሾፌር ስም ታስታውሳላችሁ? አንድ ብቻ! ጄኔራሎቹን ታውቃላችሁ። የኦጋዴኑን የአየር ጀግና ጄኔራል ለገሠ ተፈራን ታውቃላችሁ፤ ይገባቸዋልም። መሪዎቹማ ራሳቸው ጽፈውልናል። ኮሎኔል መንግሥቱ “ትግላችን” አሉ፤ ፍቅረ ሥላሴ ወግደረስ “እኛና አብዮቱ” አሉ፤ ፍሥሐ ደስታ “አብዮቱና ትዝታዬ” አሉ። ከእነዚህ ሰዎች አንዳቸውም ጦር ሜዳ በእግራቸው አልደረሱም። ያደረሳቸው ሰው የት አለ? ሾፌር መጽሐፍ አይጽፍም። እጁ መሪ እንጂ ብዕር አልለመደም።

እኔ የሾፌር ልጅ ነኝ። ያውም የወታደር ሾፌር። ከአንድ ኮሌጅ በዲፕሎማ ተመርቄ ለዚህም ለዚያም ጋዜጣ እየጻፍኩ የምኖር ሰው ነኝ። የዚያ ዲፕሎማ ክፍያ የተከፈለው በምን እንደሆነ አውቃለሁና ብዕሬ ዛሬ ያለ ይሉኝታ ይጽፋል። ማን ያርዳ የቀበረ፣ ማን ይናገር የነበረ! አባቴ የነበረ ነው፤ አይናገርም። ስለዚህ እኔ ልናገርለት።

አባቴ በ1969 ዓ.ም. ታጠቅ ጦር ሰፈር ከገቡት ሚሊሺያዎች አንዱ ነው። የዚያድ ባሬ ጦር ኦጋዴንን ሊውጥ የተነሳበት ዘመን ነው። ከዚያ በፊት ሥራው በእህል መኪና ላይ ረዳትነት ነበር። ሰልፉ ላይ “መኪና የነካ እጁን ያውጣ!” ሲባል አወጣ። በቃ፣ ዕጣው ወጣ። ጊዜው አሜሪካ መሣሪያ መስጠቷን አቁማ ሶቭየት ኅብረት የገባችበት ነው። የአሜሪካን ጂኤምሲ የለመደው አሮጌ ሾፌርና ከታጠቅ የመጣው ጀማሪ እኩል አዲስ ተማሪ ሆኑ። የመጣው ኡራል ነው፣ ዚል ነው፣ ጋዝ ነው፣ ዋዝ ነው። ዳሽቦርዱ ላይ ያለው ፊደል የሩሲያ ነው። በምልክትና በጣት እየተጠቋቆሙ ተማሩ። በወራት ውስጥ ጥይት፣ ውኃና ሰው ጭነው ወደ ሐረርጌ ነጐዱ። መስከረም 1970 ዓ.ም. ላይ የተያዘችው ጅጅጋ በዚያው ዓመት የካቲት 26 ቀን ነፃ ስትወጣ፣ ያ ሁሉ ጦር ካራማራ ሥር በአስማት አልተገኘም። ሰው ነድቶ አደረሰው። በየዓመቱ የካቲት 26 ሲከበር ዲስኩሩን እሰማለሁ፤ እግረኛው ይወሳል፣ ታንከኛው ይወሳል፣ አየር ኃይሉ ይወሳል። ስንቅ የጫነውን የሚያነሳ ተናጋሪ ግን እስከ ዛሬ አልገጠመኝም።

“እንዴ፣ ሾፌር ምን አደረገና ነው? ወንበር ላይ ተቀምጦ መሪ ይይዛል” የሚል አይጠፋም። እንዲህ የሚለውን ሰው ነው የምፈልገው! እስቲ አባቴ የነዳውን ኡራል 375 ላስተዋውቃችሁ። ስድስቱም ጎማዎቹ የሚጐትቱ፣ 180 የፈረስ ጉልበት ያለው፣ ቤንዚን እንደ ውኃ የሚጠጣ መኪና ነው። ግንባር ድረስ ነዳጅ ለማድረስ የሚወጣው መኪና ራሱ ከጫነው ላይ እየጠጣ ነው የሚሄደው። ሾፌሩ የጎማውን ነፋስ ከወንበሩ ሳይነሳ ያስወጣል፣ ያስገባል። አሸዋ ላይ ሲደርስ ነፋሱን ቀንሶ ጎማውን ያሰፋዋል፤ ደረቅ መንገድ ሲያገኝ መልሶ ይነፋዋል። መቼ ምን ያህል እንደሚቀንስ የሚነግረው ሰው የለም፤ መቀመጫው ነው የሚነግረው። ከተሳሳተ አሸዋው ይውጠዋል፤ እሱ ከቆመ ኋላ ያሉት ሁሉ ይቆማሉ። የቆመ ኮንቮይ ደግሞ ኢላማ ነው።

ከአሥመራ ወደ ምጽዋ የሚወርደውን መንገድ የሚያውቅ ያውቀዋል። 115 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ተነስቶ ባሕሩ ጠርዝ ላይ ያርፋል። ጥይት የጫነ ኡራል በዚያ ቁልቁለት የሚወርደው በፍሬን አይደለም፤ በማርሽ ነው። ፍሬኑን የተማመነ ጊንዳዕ ሳይደርስ ገደል ውስጥ ነው። ይህን ደግሞ በሌሊት አድርጉት፣ መብራት አጥፍታችሁ! ከፊታችሁ ያለውን መኪና ጥላ ብቻ እያያችሁ፣ ሽታውን እየተከተላችሁ። ባሌስትራው ሲሰበር ጋራዥ የለም፤ ፍሪሲዮኑ ሲበላ መለዋወጫ የለም፤ ካንዴላውን አውጥቶ በጥርሱ ይዞ የሚያጸዳው እሱ ነው። ሾፌር ብለን የምንጠራው ሰው መካኒክም፣ ጎሚስታም፣ ጫኝና አውራጅም ነው።

ፈንጂውስ? የታንክ ፈንጂ የሚጠብቀው ጎማ ነው። መጀመሪያ የሚረግጠው የፊት ጎማ ነው። ከፊት ጎማው አጠገብ የተቀመጠውስ ማነው? ጋዝ 66 በሚባለው መኪና ላይማ ሾፌሩ የሚቀመጠው ልክ ከፊት ጎማው በላይ ነው። አባቴ ከወንበሩ ሥር በአሸዋ የተሞላ ጆንያ ያነጥፍ ነበር። “ምን ያደርግልሃል?” ብዬ ጠይቄው አውቃለሁ። “እግሬን ያስቀርልኝ ይሆናል” አለኝ። ይህ ነው እንግዲህ ወንበር ላይ ተቀምጦ መሪ መያዝ!

ጥቂት ጊዜም ቢኤም 21 የተጫነበትን ኡራል ነድቷል። 40 ሮኬት በ20 ሰከንድ ውስጥ የሚተፋ መሣሪያ ነው። ተኩሶ መቆም የለም፤ ተኩሶ መንቀል ነው፤ ጢሱና አቧራው ቦታውን ያሳጣልና። ያን ጊዜ የሁሉም ነፍስ ያለችው በሾፌሩ እግር ላይ ነው። ታዲያ ይህ ሰው “ተዋጊ አይደለም” ተብሎ ከሜዳሊያው ሲዘለል፣ ምን ዓይነት ሒሳብ ነው?

ከሾፌሩ ጋር የነበረው ሒሳብ ምን እንደሆነ የሚያሳይ አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። መጋቢት 1980 ዓ.ም. ነው። አፍአበት ላይ የነበረው ናደው ዕዝ ሲፈርስ፣ ወደ ኋላ የሚያፈገፍገው የታንክና የመኪና ሰልፍ አድ ሽሩም በሚባል ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ገባ። ሻዕቢያ ፊተኛውን መታ። መንገዱ ተዘጋ። ወደ ፊት የለ፣ ወደ ኋላ የለ፣ ግራና ቀኝ ተራራ። ቀጥሎ የሆነውን ጀሮ አይሰማው የለ! የደርግ አየር ኃይል መጣና ንብረቱ በጠላት እጅ እንዳይወድቅ ተብሎ የራሱን ሰልፍ ደበደበ። አንባቢ ሆይ፣ ያቺን ቃል ያዝልኝ፤ “ንብረቱ”። ታንኩና ኡራሉ ንብረት ነው። በጠላት እጅ ከሚወድቅ ይቃጠል ተባለለት። እዚያ ውስጥ የነበረው ሾፌርስ? እሱ በሒሳቡ አልገባም።

አባቴ በዚያ ሳምንት ከረን ነበር። እናቴ እኔን ነፍሰ ጡር ነበረች። አድ ሽሩም ከገቡት ጓደኞቹ መካከል የተመለሰ አላየም። ስማቸውን አንድ በአንድ ይቆጥራል፤ ከመኪናቸው ታርጋ ጋር። ይህን ሳስበው ይገርመኛል። የታርጋው ቁጥር በአንድ መዝገብ ቤት እንደሚገኝ እርግጠኛ ነኝ። የሰዎቹን ስም የያዘው ግን የአንድ ሽማግሌ ጭንቅላት ብቻ ነው።

አባቴን መልአክ አድርጌ ላቀርብላችሁ አልፈልግም። የደርግ ጦር በሰው ላይ የሠራውን አውቃለሁ። ብሔራዊ ውትድርና በ1975 ዓ.ም. ከታወጀ በኋላ ከየገበያውና ከየመንደሩ የታፈሱ ልጆች የተጫኑበት መኪና የሚነዳው ሾፌር ነው። አባቴም ጭኗል። አንድ ቀን፣ ያውም ሳልጠይቀው፣ “ስሄድ የጫንኳቸው ሲዘፍኑ ነበር፤ ስመለስ የጫንኳቸው ሲያቃስቱ ነበር። መኪናው አንድ ነው፣ መንገዱም አንድ ነው” አለኝ። ከዚያ ወጥቶ ሄደ። ስለዚህ “እነዚህ ሰዎች ጥፋት የለባቸውም” እያልኩ አይደለም። ጥፋት ያለበት በፍርድ ቤት ይጠየቅ። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው፤ ያዘዘው መጽሐፍ ጽፎ፣ የታዘዘው ማስረጃ እንኳ አጥቶ የሚኖርባት አገር ምን ዓይነት አገር ናት?

ግንቦት 20 ቀን 1983 ዓ.ም. መጣ። ኢሕአዴግ አዲስ አበባ ገባ። ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ጦር ተበተነ። እውነት ለመናገር ለገጠሩ ተመላሽ ዘርና የእርሻ መሣሪያ፣ ለከተማው ሥልጠናና ብድር የሚል ፕሮግራም ተነድፎ ነበር። የደረሳቸውም አሉ። አባቴ እጅ የደረሰው ግን የመሳፈሪያ ገንዘብና የጥቂት ወራት ስንዴ ነው። ከዚያ ውጪ “የደርግ ወታደር” የሚል ስም ደረሰው፤ ይሄኛው አልተቋረጠበትም።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ። ጦሩ “የጠላት ጦር” ተብሎ ሲበተን ኡራሉም አብሮ ተበተነ? ታንኩስ “የደርግ ነው” ተብሎ ተጣለ? ወይ ፍንክች! ተቆጠረ፣ ተመዘገበ፣ ተጠገነ፣ ቀለም ተቀባ፣ ወደ ሥራ ገባ። ለብረቱ “ተሐድሶ” ማለት ጋራዥ ገብቶ መውጣት ነበር። ለሾፌሩ “ተሐድሶ” ማለት ካምፕ ተቀምጦ ስብከት መስማት፣ ከዚያም መንገድ ላይ መጣል ነው። ብረቱን ወረሱት፤ ሰውየውን ወረወሩት። ኡራሉ አሥራ ምናምን ዓመት ጥይት መሸከሙ “አገልግሎት” ተባለ፤ ሾፌሩ ኡራሉን መንዳቱ “ወንጀል” ተባለ። አንድ ሥራ፣ ሁለት ስም!

ያሸነፉትም ቢሆኑ ሾፌር ነበራቸው። የሻዕቢያም የወያኔም ሾፌሮች ሚግ ፈርተው ሌሊት ሌሊት፣ ከሱዳን በኩል በተቀየሰ መንገድ፣ ከደርግ በተማረከ መኪና እህልና ጥይት ሲያጓጉዙ ኖረዋል። እነሱም ፈንጂ ረግጠዋል። ለዚህ ነው ሾፌር ወገን የለውም የምለው። ኡራሉ ከአንዱ ጦር ወደ ሌላው ጦር ሲማረክ የኖረ መኪና ነው፤ ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሰው ግን በሁለቱም በኩል ያው የተረሳ ሰው ነው።

አባቴ ከ14 ዓመት መንዳት በኋላ ሥራ ፍለጋ ወጣ። የወታደር መንጃ ፈቃዱን ይዞ አንድ መሥሪያ ቤት ሄደ። “ይህ እዚህ አይሠራም፣ ከሀ ጀምረህ ተማር፣ ክፈል፣ ተፈተን” ተባለ። በምን ገንዘብ? ጦላይን፣ ኦጋዴንን፣ ምጽዋን የነዳ ሰው አንድ ሃያ ዓመት ያልሞላው ልጅ በሚነዳው አይሱዙ ላይ ረዳት ሆነ። ልጁ ማርሹን ሲያስጮኸው አባቴ ጥርሱን ነክሶ ዝም ይላል። አንድ ቀን ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲግል “ማርሽ ቀንስ!” ብሎ ጮኸ። ልጁ ምን ቢለው ጥሩ ነው? “አንተ ረዳት፣ ሥራህን ሥራ!” አባቴ ይህን እየሳቀ ነው የሚያወራው። ሆድ ይፍጀው! እኔ ግን እስከ ዛሬ አልሳቅኩበትም። በመርካቶ ጭነት እያወረደ፣ እየተበደረ፣ በስንት ዓመቱ አምስተኛ መንጃ ፈቃዱን አወጣ። የእኔም ዲፕሎማ የተከፈለው ከዚያ በኋላ ከነዳው ተሳቢ ነው።

ግንቦት 1990 ዓ.ም. ባድመ ላይ ጦርነት ፈነዳ። አቤት ያን ጊዜ የነበረው ጭንቀት! ያ “የጠላት ጦር” የተባለው ሁሉ በአንድ ሌሊት “ልምድ ያለው ባለሙያ” ሆነ። አብራሪው ተፈለገ፣ መድፈኛው ተፈለገ፣ ታንከኛው ተፈለገ፣ ሾፌሩ ተፈለገ። የቀበሌ ሰው መጥቶ የእኛን በር አንኳኳ። ያኔ የአሥር ዓመት ልጅ ነበርኩና በደንብ አስታውሳለሁ። ቁጣው የለም፣ ትዕቢቱ የለም፤ “ጋሼ፣ አገር ጠርታዎታለች” ነው የሚለው። ከሰባት ዓመት በፊት ጋሼ አልነበረም!

እናቴ “አትሄድም! ምን አደረጉልህና?” ብላ አለቀሰች። አባቴ ትንሽ ዝም ብሎ ቆየና፣ “መኪናውን እኮ ያልለመደ ልጅ ሊነዳው ነው፤ ይገለብጣቸዋል” አላት። ይህ ብቻ ነው መልሱ። ስለ ድንበር አልተናገረም፣ ስለ ባንዲራ አልተናገረም። ጀርባው ላይ ለሚጫኑት ልጆች ነው የሄደው። ሲሄድ ያገኘው ያንኑ የኡራል ዘር ነው። “የወንበሩ ስፖንጅ እንኳ ተቀይሮለታል” ብሎ ጽፎልን ነበር። እሱ ሲጣል የወንበሩ ስፖንጅ ተቀይሯል! ከዚህ የበለጠ ምን ማስረጃ ትፈልጋላችሁ?

ታኅሣሥ 1993 ዓ.ም. አልጀርስ ላይ ስምምነት ተፈረመ። ከ100 ሺህ በላይ ወታደር በየተራ ተሰናበተ። አባቴም ተሰናበተ። ለሁለተኛ ጊዜ። ዘንድሮስ ማስረጃ ሰጡት? ሰጡት፤ ስሙንና የተሰናበተበትን ቀን የምትል አንዲት ወረቀት። ምን እንደነዳ አትናገርም፤ ስንት ዓመት እንደነዳ አትናገርም፤ በፊተኛው ዘመን ስለነበረው 14 ዓመትማ ጭራሽ!

ያለፉትን ጥቂት ዓመታት ያሳለፈው ያንን 14 ዓመት ፍለጋ በየመስኮቱ እየዞረ ነው። አንድ ቀን አብሬው ሄድኩ። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም፤ ለነገሩ የትኛውም ቢሆን ያው ነው። ከመስኮቱ በስተጀርባ ያለው ወጣት ጨዋ ልጅ ነበር።

“አባት፣ ማስረጃ ያምጡ” አለው።

“ማስረጃው እናንተ ዘንድ ነው፤ ወታደር ፋይሉን ቤቱ አይወስድም።”

“እኛ ዘንድ የለም። በ1983 ጠፍቷል።”

አባቴ ትንሽ አሰበና፣ “መኪናዎቹስ ጠፍተዋል?” አለው።

ልጁ አንገቱን ደፋ። መልስ አልነበረውም። ዛሬ ይህን ጋዜጣ የሚያነቡ ትልልቆቹ ሹማምንት መልስ ካላቸው ይመልሱለት። መኪናዎቹ ካልጠፉ፣ ነጂያቸው እንዴት ጠፋ? የጦር መኪና ያለ ነጂ ስም አይወጣም። ሾፌር ነዳጅ ሲቀዳ ፈርሟል፣ ጎማ ሲቀይር ፈርሟል፣ መስተዋት ሲሰበር ከደመወዙ ተቆርጦ ፈርሟል። ሲቀጣ የነበረው ፊርማ ሲካስ የት ገባ?

“ይሄ የድሮ ቁስል ነው፣ ምን ያደርግልናል?” የምትሉኝ ካላችሁ፣ የድሮ ቢሆን ኖሮ ባልጻፍኩ። በ2013 ዓ.ም. በሰሜን የተጀመረው ጦርነት ጥቅምት 2015 ዓ.ም. ፕሪቶሪያ ላይ በስምምነት ሲዘጋ፣ ብሔራዊ ተሐድሶ ኮሚሽን ተቋቋመ። ከ370 ሺህ በላይ የቀድሞ ተዋጊዎችን ለማሰናበትና ለማቋቋም ማቀዱንም ገለጸ። ከእነዚህ መካከል ስንቱ ሾፌር ነው? ስንቱ ታንክ ነዳ? ስንቱ ዶዘር፣ ክሬን፣ የውኃ ቦቴ አንቀሳቀሰ? ወላጆቻቸው “አንተ እኮ አልተዋጋህም፣ ነው የነዳኸው” ተብለው እንደተሸኙ እነሱም ሊሸኙ ነው ወይ? ትልልቅ መንገድና ግድብ ሲሠራ “የሠለጠነ የማሽን ኦፕሬተር ጠፋ” እየተባለ በሚጮህበት አገር፣ መንግሥት በራሱ ነዳጅና በራሱ ብረት ያሠለጠነውን ሰው የጉልበት ሠራተኛ አድርጎ ይጥላል? ይህ ግፍ ብቻ አይደለም፤ ሞኝነትም ነው።

የሚያስፈልገው ነገር ሰማይ መቧጠጥ አይደለም። የጦር ሾፌርና ኦፕሬተር ሲሰናበት ምን ዓይነት መኪናና ማሽን፣ ለስንት ዓመት እንደነዳ የሚገልጽ ወረቀት ይሰጠው። ያ ወረቀት በሲቪሉ በኩል ታይቶ፣ ተጨማሪ ፈተና ካስፈለገም በነፃ ተፈትኖ፣ የሚመጥነው መንጃ ፈቃድ እጁ ይግባ፤ ከመሰናበቱ በፊት እንጂ ከአሥር ዓመት በኋላ አይደለም። ሁለተኛ፣ የ1983ቱ መዝገብ ጠፋ ከተባለ የሰው ምስክር ይቆጠር። በአንድ ኮንቮይ የነዱ ሦስት ሽማግሌዎች ስለ አራተኛው ቢመሰክሩ ለምን አይታመንም? ርስት በሰው ምስክር ሲረታ የኖረ አገር ነው! ሦስተኛ፣ የሾፌር ቁስል ቁስል ይባል። አባቴ ጥይት አልመታውም። ግን የግራ ጀሮው አይሰማም፤ ወገቡ ቀጥ ብሎ ሌሊት አያስተኛውም። የሞተር ጩኸትና የኡራል ንረት በስንት ዓመት ያደረሱበት ነው። ደም ስላልፈሰሰ ጉዳት አይደለም ያለው ማነው?

“ለዚህማ ሕግ አለ፣ መመሪያ አለ” የሚለኝ ባለሥልጣን እንደሚኖር አውቃለሁ። እሰየው! ካለ እንግዲያው ከመሳቢያው ይውጣና መስኮቱ ላይ ይለጠፍ፤ ያ ጨዋ ልጅ አንገቱን ከመድፋት ይዳን። መሳቢያ ውስጥ ያለ ሕግ ባትሪ እንደሌለው መኪና ነው፤ ቀለሙ ቢያምርም አይነሳም።

“አገሪቱ ድሃ ናት፣ ለሁሉም አይዳረስም” የሚለውም መልስ የተለመደ ነው። ወረቀት ስንት ያወጣል? ማኅተምስ? እኔ ቤት ስጡ፣ መኪና ስጡ አላልኩም። የሠራውን ሠርቷል በሉት ነው ያልኩት። የእኔ ዲፕሎማ ሁለት ዓመት ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ያገኘሁት ነው፤ ብጠፋበት ኮሌጁ መዝገብ አለው፣ ሌላ ይጽፍልኛል። የአባቴ 14 ዓመት ግን አንዴ ጠፍቶ ቀረ። የእኔ ሁለት ዓመት ከእሱ 14 ዓመት የሚበልጠው በምኑ ነው?

ፋሺስት ጣሊያን ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው በእግሩ አልነበረም፤ ከደሴ ጀምሮ በተሰለፈ መኪና ነው። የአድዋን ልጆች ያሸነፈው በጀግንነት በልጦ ሳይሆን በመርዝ ጋዝ፣ በአውሮፕላንና በጎማ በልጦ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጦር ማለት ጎማ መሆኑን ማወቅ ነበረብን። ሦስት መንግሥት ተፈራረቀ፤ ጎማውን አወቅን፣ ነጂውን ግን እስከ ዛሬ አላወቅነውም።

አባቴ አሁን ስድሳውን አጋምሷል። ማታ ማታ በረንዳው ላይ ይቀመጣል። በአስፋልቱ ላይ ከባድ መኪና ሲያልፍ ደህነኛውን የቀኝ ጀሮውን ያዞርና፣ “ይሄ ልጅ ማርሽ ዘግይቷል” ይላል። አይሳሳትም። እኔ ደግሞ በልቤ፣ “ዘግይቷል፣ አዎ፤ ግን ገና ገደሉ ጋ አልደረሰም” እላለሁ።

የሚመለከተው ይስማ። ዛሬ የሚሰናበተው ሾፌር ነገ ደግሞ “አገር ጠርታዎታለች” ተብሎ በሩ ሲንኳኳ፣ እንደ አባቴ ለጀርባው ልጆች ሲል ላይወጣ ይችላል። ያን ጊዜ ኡራሉ ይኖራል፣ ነዳጁም ይኖር ይሆናል። ማን እንደሚነዳው ግን እንጃ!

ልብ ያለው ልብ ይበል። ቸር ያሰንብተን።